ቀይዋ ማዘርቦርድና የሰይድ አረንጓዴዋ

ሰው ሲያረጅ ቅናቱም አብሮት ያረጃል ይላሉ። ውሸት ነው። ጉልበቴ አርጅቷል፣ ዓይኔ አርጅቷል፣ ድሮ ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ ዳር ባንድ ትንፋሽ የሚያወርደኝ እግሬ ዛሬ ሁለት ቦታ ቁጭ ካላልኩ ይለግማል። ቅናቴ ግን ይኸው እንዳለ አለ፤ አንዲት ጥርሱ እንኳ አልወለቀችም። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ደጄ ላይ ተቀምጬ የሰው ስልክ ስበይድ፣ ያ የለመድኩት የብየዳ ጭስ አፍንጫዬ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሐዋ መጣችና ስልኳን ዘርግታ የሁለት ማዘርቦርድ ፎቶ አሳየችኝ።

ሐዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ዐረብ አገር ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ሌሎቹ ልጆች ሲመለሱ ባጃጅ ይገዛሉ፣ ካልሆነም የልብስ ሱቅ ይከፍታሉ፤ እሷ ግን ውጫሌ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያና የጽሕፈት ቤት ልትከፍት ተነስታለች። ኮምፒውተሩን ዕቃ በዕቃ ገዝታ ልታስገጣጥም ነው። ሌላው ሁሉ ተመርጧል፤ የቀራት ማዘርቦርዱ ብቻ ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ማዘርቦርድ ማለት ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚተኛው ሰፊ ሰሌዳ ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካው እሱ ላይ ነው። እሱ ከታመመ የቀረው ዕቃ ጤነኛ ቢሆን ምንም አይፈይድም።

«ጋሼ፣ አንዴ ነው የምገዛው» አለችኝ። «ቢበላሽ ሌላ መግዣ አቅም የለኝም፤ ተመልሼ ደግሞ ሰው አገር አልሄድም። የማይሞት ይምረጡልኝ።»

«የማይሞትማ ፈጣሪ ብቻ ነው» አልኳት።

«እሱማ አልሐምዱሊላህ! ከሱ ቀጥሎ ያለውን ነው የፈለግሁ።»

ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን፣ «ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ወደ አንቱ የላኩኝ እሳቸው ናቸው» አለች። በቃ፤ ቅናቴ ብድግ አለ። አስቀድማ እሱ ጋ! አጥር የምንጋራ ጎረቤቷ እኔ እያለሁ፣ አስፋልት ተሻግራ መጀመሪያ እሱ ጋ! የሰይድ ሱቅ ቤቴ ደጃፍ ላይ ካለችው ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። እሱ በሩን ሲከፍት እኔ አያለሁ፣ እኔ ስዘጋ እሱ ያያል። እዚያ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሃያ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች፣ ሆዷ ውስጥ አረንጓዴ ማዘርቦርድ ያለባት ኮምፒውተር አለች፤ ዛሬም ትሠራለች። እኔን ያስረጀኝ ዕድሜ ሳይሆን እሷ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባም። እኔ የአምባሰል ሰው ነኝ፣ ውጫሌ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ። ሐይቅ ከተማ የወረድኩት ራዲዮና ቴፕ ልጠግን ነው። ያኔ ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆችን ብትጠይቃቸው የቦታ ስም ይመስላቸዋል። የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጥሃል፤ ዘይቱ ጋዜጣውን ሲያርሰው ፊደሉ ዓሣው ላይ ይታተማል፤ እኛም ዜናውን አብረን እንበላዋለን። ሱሪ ከታች ሰፊ ነበር፤ እኔ የነበረኝ ቡናማ ሆኖ ከተረከዜ ሥር አቧራ እየጠረገ ይሄዳል። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ግን ከጧት እስከ ማታ ዘፈን አይጠፋባትም። የተጠገነ ቴፕ መፈተሻው ዘፈን አይደል? ትዝታው፣ ባቲው፣ አንቺሆዬው ይወጣል፤ አምባሰል የወጣ እንደሆነ ግን ብየዳዬን አስቀምጬ ነው የምሰማው፤ የአገሬ ቅኝት ነዋ።

ሰይድ ከሱቄ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ካሴት ይሸጥ ነበር። የሐይቅ ልጅ ነው፤ አባቱ በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። በሰባት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ እና «አያ ደምሴ» ይለኛል። የሚሸጠውን ካሴት የሚሞክረው በኔ ቴፕ ነው፤ እኔም ዘፈን የማገኘው በነጻ ነው፤ እንዲህ ተጋጥመን ኖርን። ብየዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለዐረፋ እሱ ቤት፣ ለፋሲካ እኔ ቤት ነን፤ ዶሮውና በጉ በሁለት እጅ ይታረዳል እንጂ ሳቁ አንድ ነው። ስለዚህ ስለሱ ክፉ ነገር ለመናገር ብፈልግ የምናገረው የለኝም። የኔ ችግርም ይኸው ነበር፤ ክፉ ቢሆን ቅናቴን ጥላቻ ብዬ በኮራሁበት ነበር።

ኋላ ካሴቱ ሞተ። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ቴፕ የሚያሠራ ጠፋ። ደሴ ላይ ሰው ማመልከቻውን በኮምፒውተር እያስጻፈ ነው ሲባል ሰማን። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ይመስለኛል፣ እኔና ሰይድ መከርን። ሐይቅ ላይ አንድ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ሁለት እንክፈት፣ ፊት ለፊት፤ ሥራ ሲበዛብኝ ወዳንተ እልካለሁ፣ ሲበዛብህ ወደኔ ትልካለህ ተባባልን። ዕቃውንም አዲስ አበባ ሄደን አብረን እንገዛለን። እኔ የሠርጌን ኮት ለበስኩ፤ ትከሻው ላይ ብል ቀምሶት ነበር፣ ዘነበች፣ ባለቤቴ፣ በክር ዘጋችልኝ። ሰይድ ሽርጡን አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተና ሱሪ ለበሰ። በኪሱ ሙሉ የተቆላ ሽምብራ ይዞ ነበር፤ ጣርማ በርን ስንወጣም እየቆረጠመ፣ ደብረ ብርሃን ስንደርስም እየቆረጠመ፣ መርካቶ ስንገባም ኪሱ አልጎደለም።

መርካቶ ውስጥ ባለሱቁ ዕቃውን ሁሉ እጥፍ እጥፍ አድርጎ አወጣልን፤ ለኔ አንድ፣ ለሱ አንድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ማዘርቦርድ ላይ ሲደርስ ግን፣ «የቀሩኝ ሁለት ናቸው፤ ለየቅል ናቸው። ዋጋቸው እኩል ነው፤ እናንተው ተስማሙ» ብሎ ባንኮኒው ላይ አኖራቸው።

አንዷ ቀይ ናት። ምን ዓይነት ቀይ! የተደለዘ በርበሬ። መሰኪያዎቿ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ፤ ጽሑፏ ወርቅማ፤ ካርቶኗ ላይ እሳት የሚተፋ አውሬ ተስሏል። ሁለተኛዋ አረንጓዴ ናት፤ የዋለ ያደረ ጎመን ዓይነት። ካርቶኗ ተጨረማምቷል፤ ላዩ ላይ ከቁጥር በቀር ምንም የለም።

እንግዲህ እውነቱን ላውጣው። እኔ ተራ ገዢ አልነበርኩም፤ ስንት ዘመን የራዲዮ ሆድ ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ። ማዘርቦርድ ላይ እንደ ትናንሽ በርሜል ቆመው የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ካፓሲተር ይባላሉ። ሥራቸው እንደ ፈለገ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ አጠራቅመው፣ አለዝበው መስጠት ነው። ራዲዮም ኮምፒውተርም ከሞተ መጀመሪያ የሚታየው እነሱ ናቸው፤ ጣሪያቸው ካበጠ አለቀ። የቀይዋን አየሁ፦ ቀጫጭን ናቸው፣ ሙቀቱ ከሚበረታበት ከፕሮሰሰሩ፣ ከኮምፒውተሩ አንጎል፣ ጎን ተፋፍገው ቆመዋል፤ ዓይነታቸውን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ከሞቱ ራዲዮኖች ሆድ በእፍኝ ስለቅማቸው የኖርኩ ናቸው። የአረንጓዴዋን አየሁ፦ ወፍራም፣ ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉ፣ ሰው አልፎ ራዲዮው ከማያልፍ ከእነዚያ የጥንት ራዲዮኖች ውስጥ የማውቃቸው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የኔ ዓይን በደንብ አይቶ ነበር፤ ልቤ ነው በሐሰት የፈረደ። ሱቄን አሰብኩ። የኮምፒውተሯን የጎን ክዳን ከፍቼ፣ ቀይዋን ከመንገድ የሚያይ ሰው ሁሉ «የደምሴን አየኸው?» ሲል ታየኝ።

ሰይድ አንድ ፍሬ ሽምብራና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «አያ ደምሴ፣ እጣ እንጣል» አለ። የአገራችን ወግ ነው። ቅርጫ ሲሆን፣ በሬው ታርዶ ሥጋው መደብ መደብ ሲደረግ፣ ማንም ይቺን ልውሰድ አይልም፤ እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፣ ምንም የማያውቅ መንገደኛ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ። አጥንት ቢበዛበት የሚያጉረመርም የለም፤ እጣ ነዋ።

«የቅርጫ ሥጋ አደረግኸው እንዴ!» አልኩት። «ታላቅ ባለበት ምን እጣ አለ? እኔ ላንሳ።»

ሽምብራዋን ወደ አፉ ወርውሮ ቆረጠማት። «እሺ አያ፣ አንሳ» አለ። እኔም ቀይዋን አነሳሁ።

ስምንት ወር ነገሥኩ፤ ሌላ ቃል የለውም። ክዳኗን ከፍቼ ሱቄ በር ላይ አስቀመጥኳት። የገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው ቆሞ ያያታል፤ አንዳንዱም «ይኼ ቀዩ ነገር ነው የሚጽፈው?» ይለኛል። የሠርግ ካርድ፣ ማመልከቻ፣ ውል፣ የትምህርት ቤት ፈተና የሚጻፈው እኔ ጋ ነበር። ሰይድ ማዶ ተቀምጦ ያፏጫል። ያ ፉጨቱ! ካሴት ሲሸጥ አያፏጭም ነበር፤ ያኔ ነው የጀመረ። የሚያፏጨው ደግሞ አምባሰልን ነው፤ የኔን አገር ቅኝት፣ እኔ ከማንጎራጉረው አሳምሮ። እንዴት ያለ ደስተኛ ሰው ነው፣ ገበያ የለው፣ ፉጨት አለው እል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈተና እየተየብኩ ሳለ ጠፋች። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ብል አምፖሉ በርቷል። ጎንበስ አልኩና አሸተትኩ። ያንን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ካፓሲተሮቹ ጣሪያቸው እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ ከላያቸው ቡናማ ነገር አንጠባጥበዋል። የገበያው አቧራ ደግሞ በከፈትኩት ክዳን ገብቶ እላዩ ላይ ተጋግሯል። ከአሮጌ ራዲዮ ነቅዬ ተካሁላት፤ ሦስት ወር ነፍስ ዘራችና ጨርሳ ሄደች። ያገለገለ ሌላ ቦርድ ገዛሁ፤ እሱም ክረምቱን አልተሻገረም። የሰይድ አረንጓዴ ግን ማዶ ላይ እንደ ተልባ ትንጫጫለች። ሰልፉ ከኔ በር ተነስቶ አስፋልቱን ተሻገረ።

የቅሬያችን፣ የሰፈር ዕድራችን፣ ሰዎች እሑድ ሲሰበሰቡ፣ ሰይድ በሌለበት፣ አንድ ሽማግሌ ጠየቁኝ። «ደምሴ፣ ባንድ ቀን፣ ካንድ ሱቅ ገዝታችሁ፣ የሱ እየሠራ ያንተ ምን ነካው? እኛ ደግሞ ዕቃ አዋቂው አንተ ነህ እንል ነበር።» ሁሉም ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ። መረጥኩ ብል ሙያዬ አብሮ ሊቀበር ነው፤ ራዲዮውንስ ማን አምኖ ይሰጠኛል? አፌ ራሱ ተናገረ። «በእጣ ነው የተካፈልነው አባቴ። እጣዬ ሆነ፣ ምን ላድርግ?»

«እጣ ከሆነማ» አሉ። «እጣ ከሆነማ ምን ይደረጋል!» ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያቺ ውሸት እንዴት እንደተመቸችኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው በእጣ አይከራከርማ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ እጣ ነው እያልኩ ኖርኩ። ሰይድ ፊት ብቻ ወጥታኝ አታውቅም።

ውሸቷ ለሰው መለሰች እንጂ ለኔ አልበጀችኝም። እኔ አውቀዋለኋ! ማዶ ተቀምጬ ሰልፉን አያለሁ። ለመታወቂያ የሚያስሞላው፣ ለዕድር ደንብ የሚያስጽፈው፣ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱት ልጆች ፎርማቸውን ይዘው፤ ሐዋም ያን ጊዜ በሬ ላይ አልፋ እዚያ ነው ያስሞላችው። መብራት ሄዶ በኃይል የተመለሰ ቀን ደጄ ላይ እቆማለሁ፤ ዛሬስ ተቃጠለች ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ። ከዚያ ማተሚያው ጭርር ይላል፣ ፉጨቱ ይቀጥላል። እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ አምባሰልን ከራዲዮም ብሰማ አጠፋው ጀመር፤ የገዛ አገሬን ዜማ ቀማኝ። «አንተ ሰውዬ፣ በሰው ማሽን ቀንተህ ልትሞት ነው እንዴ?» ትለኛለች ዘነበች። «ጸሎት አድርግ፣ ካልሆነም ሌላ ሙያ ያዝ!» ሁለቱንም ሞከርኩ። ስልክ መጠገን ያዝኩ። ጸሎቱንስ ምን ብዬ እጸልያለሁ? «የሰይድን ማዘርቦርድ አቃጥልልኝ» አይባል።

የባሰውንም ልናገር። አንድ ቀን ሰይድ ራሱ ኮምፒውተሯን ተሸክሞ አስፋልቱን ተሻገረ። «አያ፣ ኃይል ማስገቢያዋ ታማለች፤ አንተው እያት፤ እኔ መስጊድ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሯት ሄደ። ከፈትኳት። አረንጓዴዋ ካፓሲተሮቿ ጣሪያቸው ልጥፍ ያለ፣ ትናንት ከካርቶን የወጣች ነው የምትመስለው። መበየጃዬ ግሏል፣ እጄ ውስጥ ነው። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ከጀርባዋ ነካ ባደርጋት ማንም አያውቅም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ኋላ መበየጃውን አኖርኩና በብሩሽ አቧራዋን ጠረግሁላት፣ ኃይል ማስገቢያዋን ጠገንኩ። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼ ነው። ሰይድ ሲመለስ «አላህ እጅህን ይባርከው፣ ዕድሜና ጤና፣ የልጅ ልጅ ይስጥህ» እያለ መረቀኝ። ያ ምርቃት ከእርግማን በላይ አቃጠለኝ።

ሰው ቤቱን እየዘጋ በወጣበት በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ እንኳ የኔ ሱቅ ተዘርፋ ተራቁታ ስትጠብቀኝ፣ የሱ ኮምፒውተር ከጭድ ክምር ሥር ተቀብራ ቆይታ፣ አራግፎ ሲሰካት በራች። ሃርድ ዲስኳ ተቀይሯል፣ ሚሞሪዋ ተቀይሯል፤ እናትየዋ ግን ያቺው ናት።

እንግዲህ ሐዋ ስልኳን ዘርግታ ስትጠይቀኝ ይህ ሁሉ ነው ባንዴ የመጣብኝ። መነጽሬን አደረግሁ። አንደኛው ፎቶ ላይ ያለችው ጠርዟ ሁሉ መብራት ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ትረጫለች። ሁለተኛዋ ጥቁር ናት፤ መብራት የሚባል የላትም። ልብ በሉ፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም ያችው ጥያቄ ናት።

«ሰይድ ምን አለሽ?» አልኳት። መጀመሪያ ማወቅ የፈለግሁት እሱን ነው።

«‹እንዴት መርጠው ነው ይህን ያህል የቆየችልዎ?› አልኳቸው። ‹እኔ መቼ መረጥኩ ልጄ? በእጣ ነው የደረሰችኝ። ማዘርቦርድ መምረጥ የሚያውቅ ደምሴ ነው፣ እሱን ጠይቂ› አሉኝ።» ስልኳን ወደሷ መለስ አደረገችው። «እና ጋሼ፣ በእጣ ከሆነማ ያው ዕድል አይደል? እኔም ደስ ያለኝን ልውሰድ መሰለኝ፤ ይቺን የምታበራዋን። ደንበኛም ይስባል።»

በእጣ ነው የደረሰችኝ? ከሰይድ አፍ? ያቺ የኔ ውሸት አስፋልቱን መቼ እንደተሻገረች አላውቅም፤ እሱ ግን ሰምቷል፤ ሰምቶም ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «ኧረ እሱ ነው ያነሳው» ብሎ ለማንም አልተነፈሰም። ጭራሽ አብሮኝ ዋሸ! እጄ ላይ የነበረውን የሰው ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ክፉ ሐሳብ አልመጣብኝም ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። ዝም ብል የምታበራዋን ትገዛለች። ብትቃጠልባት እኔን የምትመስል አንዲት ሰው አገኛለሁ፤ ብቻዬን ጅል መሆን ሰልችቶኝ ነበር። ግን ልጅቷ እጇን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፋዋለች፤ መዳፏ በሳሙናና በበረኪና የተበላ፣ ጥፍሮቿ ዙሪያ የተሰነጣጠቀ፣ ከኔ እጅ ያረጀ እጅ። ሰባት ዓመቷ እዚያ ላይ ነበር።

«ሐዋ፣ እጣ አልነበረም» አልኳት።

«ምኑ ጋሼ?»

«ሰይድ እጣ እንጣል አለኝ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ታላቅ ነኝ ብዬ ቀይዋን አነሳሁ። እንደማትረባ ዓይኔ አይቷል፤ ማማሯን ነው የወደድኩት። ሲበላሽብኝ እጣ ነው ብዬ ለከተማው አወራሁ። ስለዚህ ዕድል አይደለም፤ ተይው ይህን ነገር።»

ሐዋ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። «ሃያ ዓመት ሙሉ? ወላሂ አንቱስ ጉደኛ ነዎት!» ብላ ትስቅ ጀመር። እኔም ፊቴ እየጋለ ሳቅሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ሁለቱን ፎቶ ከፍ አድርገን አየናቸው። ይቺ ጥቁሯ ከፕሮሰሰሩ መሰኪያ ዙሪያ ወፍራም ብረት የተጫነባት ሙቀት እንድታወጣ ነው፤ የምታበራዋ እዚያ ላይ ያላት ጌጥ ፕላስቲክ ነው አልኳት። የሰርግ ቪዲዮ ከጧት እስከ ማታ የሚያሠራት ዕቃ ነው፤ ሥራ ሲበዛ የምትግል ቦርድ ቶሎ ትሞታለች። የመረጥሽው ፕሮሰሰር ይገባባት እንደሆነ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልሽ አድርጊ፤ ብትበላሽ የሚለውጥልሽን ሻጭ ያዥ፤ ውጫሌ መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድ አንቺ ታውቂያለሽ፣ መብራቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ሳይኖር እንዳትሰኪያት፤ ክዳኗን ደግሞ ለማንም ብለሽ እንዳትከፍቺ። የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ ትንሽ ጠንከር ብሎ ነበር። ጥቁሯን እገዛለሁ ብላ፣ ረጅም ዕድሜ መርቃኝ ሄደች።

እኔም ተነስቼ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ሁለት ባጃጅ ጡሩንባ ነፋብኝ፤ ዞር ብዬም አላየሁ። ሰይድ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እየተየበ ነው፤ ያፏጫል። ጠረጴዛው ላይ በቁራሽ ወረቀት የተቆላ ሽምብራ አለ።

«ሰይድ፣ እጣ አልነበረም» አልኩት።

ዓይኑን ከጽሑፉ አላነሳም። «አውቃለሁ። እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ያኔ እጁን አነሳና ዞረ። «የቅሬው ሰዎች የነገሩኝ ለታ ስቄ ልሞት ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ውሸትህ ብዙም ውሸት አልመስል አለኝ። እኔስ መቼ መረጥኩ? አንተ የተውካትን ነው ያነሳሁ። እጣ እንጣል ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?»

«ለምን?»

«ቀይዋን ፈልጌ ነዋ! ስለ ካፓሲተር ያኔ ምን አውቃለሁ? ቀይዋን ሳይ ልቤ ጥፍት አለ። በእጣ ምናልባት ትደርሰኝ ይሆናል ብዬ ነው። አንተ ታላቅ ነኝ ብለህ ብድግ ስታደርጋት፣ አያ፣ ወላሂ ሆዴ ድብን ነው ያለው። እዚህ ተቀምጬ ያቺን ቀይ እያየሁ፣ ሰልፍህን እየቆጠርኩ ስንት ቀን ምሳ አልበላ ብሎኛል። ይኼን ፉጨትም የጀመርኩት ያኔ ነው፤ መናደዴን እንዳታውቅብኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሽምብራውን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ቅናቱ ተወኝ። አንድ ቀን ሥራ ስሠራ ዋልኩና ሱቅ ስዘጋ ቀይዋን ቀኑን ሙሉ እንዳላየኋት ትዝ አለኝ። በቃ፣ አለቀ።»

«መቼ ነው እሱ? ከተቃጠለች በኋላ?»

«ኧረ ያኔ ደህና ነበረች፤ ገበያህም የደራ ጊዜ ነው። ከገዛን ስድስት ወር ቢሆነን ነው» አለና አንድ ፍሬ ሽምብራ ወደ አፉ ወረወረ።

ቤት ስገባ ዘነበች ፊቴን አይታ፣ «ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ እጣውን፣ ሐዋን፣ ቀይዋን፣ ፉጨቱን። ሰይድም ቀንቶብኝ እንደነበር ስነግራት እጇን አጨበጨበች። «እሰይ! እንግዲህ እኩል ናችሁ፤ ደስ አይልህም?»

«ምኑ ነው እኩል?» አልኳት። «እኔን ሃያ ዓመት የፈጀኝን እሱ በስድስት ወር ጨረሰው እኮ!»

ዘነበች ትክ ብላ አየችኝ። «በዚህም ልትቀና ነው?» አለች።

ከመንገዱ ማዶ አምባሰል እየተፏጨ ነበር።